«መጠጥ ያቁሙ» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም



ዛሬ የጨጓራ ወይም የደም ግፊት ምክር ይዤ አልመጣሁም። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሙግት ነው። ሙግቴ በመጀመሪያ ከሙያ ባልደረቦቼ፣ ቀጥሎ ከቤተሰብ፣ ከዚያም ከእድሩና ከሰፈሩ ጋር ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን በቤታችሁ በመጠጥ የሚሰቃይ ሰው ካለ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአልኮል ሱስ የተያዘን ሰው «ሰፈርህ ውስጥ ለመጠጣት የሚገባባቸውን በሮች ቁጠርልኝ» ብትሉት ሳያስብ አሥር ይቆጥርላችኋል። ግሮሰሪው፣ ድራፍት ቤቱ፣ ጠላ ቤቱ፣ አረቄ ቤቱ፣ ከጫት በኋላ ለጨብሲ የሚኬድበት ቤት። «ላለመጠጣት የምትሄድበትን አንድ በር ንገረኝ» ብትሉት ግን ዝም ይላል። እኛም መልስ የለንም። ከዚያ ዞር ብለን «ተው ብንለው እምቢ አለ» እያልን እንፈርድበታለን።

የዛሬው ሙግቴ በአጭሩ ይህ ነው፦ መጠጥ ለማቆም የሚሞክር ሰው እንደ እሱ ካሉ ሰዎች ጋር በየሳምንቱ የሚገናኝበት ስብሰባ ያስፈልገዋል። ያንን ስብሰባ ፈልጎ የማግኘቱ ሸክም ደግሞ በታማሚው ትከሻ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ሥራው የእኛ ነው።

*የመውጫ ወረቀቱ*

ሆስፒታል የሠራ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሰውዬው ደም አስመልሶት፣ ወይም መጠጥ ባቋረጠ በማግስቱ አንዘፍዝፎት ይመጣል። እናስተኛዋለን፤ ቫይታሚን፣ ግሉኮስ፣ ማረጋጊያ መድኃኒት እንሰጠዋለን። ከቀናት በኋላ በእግሩ ይቆማል። የመውጫ ወረቀቱ ላይ «አልኮል እንዲያቆም ተመክሯል» ተብሎ ይጻፋል፤ ማኅተም ይመታበታል። በቃ።

አንድ ታካሚ (ማንነቱን የሚጠቁም ነገር ሁሉ ትቼዋለሁ) ይህ ምክር በዙር ላይ ሲነገረው አንገቱን ደፍቶ ከሰማ በኋላ እንዲህ አለ፦ «እሺ ዶክተር። ቀን ሥራ አለኝ፣ ሰውም አለኝ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላስ የት ልሂድ?» የሚያውቃቸው ሰዎች በሙሉ በዚያ ሰዓት ግሮሰሪ ናቸው። ተከራይቶ የሚኖርባት አንዲት ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው ሰው የለም። ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አልነበረም፤ ትክክለኛ የሕክምና ጥያቄ ነበር። መልስ የሰጠው ግን አልነበረም።

እስቲ እናወዳድር። የስኳር ታማሚን «ስኳርህን ቀንስ» ብቻ ብለን አንሸኝም፤ የክትትል ካርድ እንሰጠዋለን፣ ቀጠሮ እንይዝለታለን። የቲቢ ታማሚን «መድኃኒትህን ዋጥ» ብለን አንለቀውም፤ ሲውጥ የሚያይ ሰው እንመድብለታለን። ለአልኮል ሱስ ሲሆን ብቻ ምክር ሰጥተን እጃችንን እንታጠባለን። ለምን? ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በልባችን ሱስን በሽታ ነው ብለን አናምንም፤ ነውር ነው ብለን ነው የምናምነው።

*«ወኔ የለውም» የሚለው ፍርድ*

ለረጅም ጊዜ በብዛት የተጠጣ አልኮል አንጎልን ይለውጣል። ደስታን፣ ጭንቀትንና ራስን መግዛትን የሚመለከቱት የአንጎል ክፍሎች ከአልኮል ጋር ተላምደው ስለሚሠሩ፣ መጠጡ ሲቀር ሰውዬው እንቅልፍ ያጣል፣ ይጨነቃል፣ ምንም ነገር ደስ አይለውም። ይህ ስሜት በሳምንት የሚያልፍ አይደለም፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። በእነዚህ ወራት አንድ የለቅሶ ቤት፣ አንድ የደመወዝ ቀን፣ አንድ «ኧረ አንድ ብቻ ልጋብዝህ» የሚል ወዳጅ ይበቃዋል።

ደግሞስ ወኔ ጠፍቶ ነው? ለሚካኤል የተሳለው ስንቱ ነው? በቁርኣን የማለው ስንቱ ነው? በልጆቹ ፊት ያለቀሰው፣ ራሱን ያስገዘተው ስንቱ ነው? መሐላው ሲፈርስ ሐፍረት ይጨመራል፤ ሐፍረቱ ደግሞ መልሶ ወደ ብርጭቆው ይወስደዋል። ለዚህ ሰው «ቆራጥ ሁን» የሚል ሌላ ምክር መጨመር በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

ዕውቀት ብቻውን ቢያድን ኖሮ ሐኪም አይሰክርም ነበር። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለውን፣ ዛሬ በ180 ገደማ አገሮች የሚገኘውን የመደጋገፊያ ማኅበር ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር፦ ዶ/ር ሮበርት ስሚዝ፣ ወይም በማኅበሩ አጠራር ዶ/ር ቦብ። መጠጥ ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ግን ማቆም አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ ውስጥ ቢል ዊልሰን ከሚባል መጠጥ ካቆመ ወራት ብቻ ካስቆጠረ ሰው ጋር ተገናኘ። ዊልሰን ሐኪም አልነበረም፤ የአክሲዮን ገበያ ሰው ነበር። ለሐኪሙ የነገረው ስለ ጉበት ሳይሆን በራሱ ላይ የደረሰውን ነው። ዶ/ር ቦብ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ቀን ሰኔ 10 ቀን 1935 (እ.ኤ.አ.) ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ማኅበሩም ልደቱን ከዚያች ቀን ይቆጥራል።

*ስብሰባው ውስጥ ምን አለ?*

ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። አንድ ክፍል ነው። ወንበሮች፣ ሻይ ወይም ቡና፣ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል። ሰዎች በመጀመሪያ ስማቸው ብቻ ይተዋወቃሉ። ተራ በተራ ያሳለፉትን ይናገራሉ፤ መናገር ያልፈለገ ዝም ብሎ መስማት ይችላል። ክፍያ የለም፤ የፈለገ ለክፍሉ ኪራይና ለሻይ ጥቂት ይጥላል። ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። ቆየት ያለ አባል ለአዲሱ ሰው እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እንደ ታላቅ እህት ይሆንለታል፤ ሌሊት ሲጨንቀው የሚደውለው ለዚያ ሰው ነው።

«ይሠራል ወይ?» ለሚለው መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚመረምር ተቋም 27 ጥናቶችንና ከ10,000 በላይ ተሳታፊዎችን ያካተተ ግምገማ አውጥቷል። በባለሙያ ታግዘው ወደዚህ ዓይነቱ ስብሰባ ከገቡት ሰዎች ከ100ው 42 ያህሉ ከአንድ ዓመት በኋላ ምንም አልጠጡም፤ ሌሎች የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎችን ካገኙት 35 ያህሉ። ተአምር ነው አላልኩም። ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ እንደገና ይጠጣል። ነገር ግን ከውድ ሕክምና ጋር የሚወዳደር፣ እንዲያውም የሚበልጥ ውጤት በነጻ የሚሰጥ ነገር በሕክምና ዓለም ስንት አለን?

«በባለሙያ ታግዘው» የምትለዋን አስምሩባት። ቁልፉ እሷ ናት።

*አድራሻ ሳይሆን ሰው ስጡ*

እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ 20 ብቻ ናቸው። አሥሩ ስለ ስብሰባው ተነገራቸው፤ ቦታውና ሰዓቱ ተሰጣቸው፤ ሂዱ ተባሉ። ለሌሎቹ አሥር ባለሙያው እዚያው እፊታቸው ለአንድ የማኅበሩ አባል ስልክ ደወለ፤ አባሉም «እኔ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለ። ውጤቱ? አድራሻ ከተሰጣቸው አሥር ሰዎች አንድም አልሄደም። ሰው ከተሰጣቸው አሥር ሰዎች ሁሉም ሄዱ።

ጥናቱ ትንሽ መሆኑን ደግሜ እናገራለሁ። ግን ነገሩ ለእኛ አዲስ ነው? ለቅሶ ቤት እንኳ ብቻችንን መግባት ከብዶን በር ላይ ሰው እንጠብቅ የለም ወይ? እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ሰው እንግዳ ክፍል ውስጥ ብቻውን እንዲገባ ለምን እንጠብቃለን?

*ይህን እኮ ሠርተን እናውቃለን*

«ሀበሻ ገመናውን በሰው ፊት አያወጣም፤ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉ አሉ። ለእነሱ ያለኝ መልስ ከራሳችን ታሪክ ነው። ኤችአይቪ ሰውን ከቤቱ በሚያስባርርበት ዘመን፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ኢትዮጵያውያን እንደ መቅድም እና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራትን መሥርተው ተሰበሰቡ። ነጻው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር እነዚህ ማኅበራት ነበሩ። መድኃኒቱ ሳይደርስ በፊት ሰው ለሰው ደረሰ። በኋላም በየጤና ጣቢያው ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ እናቶች ሌሎች እናቶችን እየደገፉ ስንት ሕፃን ከቫይረሱ ነጻ ሆኖ ተወለደ! ከዚያ የበለጠ ገመና የት አለ?

ደግሞስ ጠጪው የሚደብቀው ምንድን ነው? መጠጣቱን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ማንም የማያውቀው ማቆም መፈለጉን ነው።

«ጸበሉና ጸሎቱ ይበቃል» ለሚሉም ክብር አለኝ። በእምነታቸው በርትተው የቆሙ ሰዎች አውቃለሁ፤ ማንንም ከጸበል ወይም ከዱዓ አላስቀርም። ስብሰባውም ከእምነት ጋር አይጣላም። ግን ከጸበሉ መልስ ወደዚያው ሰፈር፣ ወደዚያው ግሮሰሪ በር ነው የሚመለሰው። የማክሰኞ ማታው ጥያቄ አሁንም ይጠብቀዋል። የሃይማኖት አባቶች ሆይ፣ አዳራሽ አላችሁ፤ ተሰሚነትም አላችሁ። በሳምንት አንድ ምሽት አዳራሹን ክፈቱ።

መንግሥትም ቢሆን አንድ ጥሩ ነገር አድርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፤ ከ21 ዓመት በታች ላሉም እንዳይሸጥ ከልክሏል። ግን ማስታወቂያው ከጠፋ በኋላ ላለመጠጣት የሚኬድበት በር ተከፈተ? በየወረዳው ያለው ጤና ጣቢያ ከሥራ ሰዓት በኋላ ባዶ ክፍሎች አሉት። የሚያስፈልገው ቁልፍና አንድ ፈቃደኛ ሰው ነው። በጀት የለም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም።

ሴቶችን ደግሞ ጨርሶ ረስተናቸዋል። አረቄ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ እናት «ተዪው» ስትባል እንጀራሽን ተዪው መባሏ ነው። የሚጠጣ ወንድ «ጠጪ» ይባላል፤ የምትጠጣ ሴት የምትባለውን ስም እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ለሴቶች የራሳቸው ሰዓትና የራሳቸው ክፍል ሊኖር ይገባል።

*ከማቆም በፊት፦ ይህን ሳታነቡ አትለፉ*

በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በራሱ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ሊገድልም ይችላል። የመጨረሻውን ከጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብና ማቅለሽለሽ ይጀምራል። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መፍጠን ሊከተል ይችላል። እነዚህ ምልክቶች ካሉ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም አንዘፍዝፎት የሚያውቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ስብሰባ። ቤት ውስጥ ቆልፎ «ይለፍለታል» ማለት አይገባም። ስብሰባ ሕክምናን አይተካም፤ ሕክምናም ስብሰባን አይተካም።

*ስብሰባ እንዴት ይገኛል?*

1. በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሂዱና የሳይካትሪ ነርሱን ወይም ሐኪሙን በቀጥታ ጠይቁ፦ «መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚገናኙበት ቡድን ታውቃላችሁ?» አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አንዱ መነሻ ነው። ካልተገኘ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ «ካቆመ ታካሚ ጋር፣ እሱ ከፈቀደ፣ ልታገናኙኝ ትችላላችሁ?»

2. በኢንተርኔት በየሰዓቱ የሚካሄዱ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ስብሰባዎች አሉ። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ፊትን ሳያሳዩ መስማት ይቻላል። መጠጥ በሕግ በተከለከለባቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩና እርዳታ መጠየቅ ለምትፈሩ ወገኖቼ ይህ መንገድ ይጠቅማችኋል።

3. አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ስብሰባ ብርቅ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ብቻ በየሳምንቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይካሄዳሉ። «ክፍት» የተባለው ስብሰባ ለማንም ነው፤ ቤተሰብም ይገባል። «ዝግ» የተባለው የመጠጥ ችግር ላለባቸው ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ክፍቱን ምረጡና ሰው አስከትላችሁ ሂዱ።

4. ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ቀኑና ቦታው አለመቀየሩን አረጋግጡ። ተዘግቶ ያገኘው ሰው ተመልሶ የሚገባው ግሮሰሪ ነው።

5. የመጀመሪያው ስብሰባ ካልተመቻችሁ ሁለትና ሦስት ሌሎች ሞክሩ። አንድ ሐኪም ባይመቻችሁ ሕክምናን በሙሉ አትተዉም አይደል?

6. የሚጠጣው ሰው እምቢ ቢልም ቤተሰብ ብቻውን እርዳታ መፈለግ ይችላል። ለጠጪ ቤተሰቦች የተቋቋመው አል-አኖን እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ አለ።

*ከዚህ ሽሹ!*

«በአንድ ሳምንት መቶ በመቶ እናድናለን» የሚል፣ ብዙ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ ምንነቱ ያልታወቀ መድኃኒት የሚያጠጣ፣ የሐኪም መድኃኒት ጣሉ የሚል ቦታ የመደጋገፊያ ቡድን አይደለም። ከሁሉም በላይ ካሜራ ያለበትን ቦታ ሽሹ። የሰከረን ሰው መንገድ ላይ አቁመው እያስለቀሱ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች እየረዱት አይደለም፤ እየነገዱበት ነው። ነገ ሥራ ሲፈልግ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ስትሄድ ያ ቪዲዮ ይቀድመዋል። እባካችሁ እንዲህ ያለ ቪዲዮ አትመልከቱ፣ አታጋሩ።

*ከሌለስ? ጀምሩት*

ዶ/ር ቦብና ዊልሰን ሁለት ነበሩ። ሁለት ሰው ይበቃል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን አንዴ ወስኑና አትቀያይሩት። ሰዓቱ ምሽት ይሁን፣ ፈተናው ያለው ምሽት ላይ ነውና። ቦታው ከመጠጥ ቤት ይራቅ። እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል። ሰው ሲናገር አይቋረጥም፤ አይመከርም፤ አይወቀስም። ስልክ ይጠፋል። ገንዘብ አይበደሩም፣ አያበድሩም። ጠጥቶ የመጣ አይባረርም፤ ዝም ብሎ ይሰማል፤ በማግስቱ ይደወልለታል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሰው ብቻ ቢመጣም በሩ ይከፈት።

*የእያንዳንዳችን ድርሻ*

ባልደረቦቼ፦ ከነገ ጀምሮ «አልኮል እንዲያቆም ተመክሯል» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ ከማን ጋር፣ የት፣ መቼ። ያንን መስመር መሙላት ካልቻላችሁ ታካሚው ገና አልታከመም። መጠጥ ያቆሙ ታካሚዎቻችሁን ጠይቁ፤ ሌላ ሰው ለመርዳት የሚፈቅዱ አሉ። ስልኩንም ታካሚው ፊት ደውሉ።

የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፦ አባላችሁ በመጠጥ ሲሞት ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ወንበር ታወጣላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ። ያንኑ ወንበር በሕይወት ሳለ በሳምንት አንድ ቀን አውጡለት።

ቤተሰብ፦ «ተው» የምትለዋን ቃል ሺህ ጊዜ ብላችኋታል። አሁን «ና፣ አብረን እንሂድ» በሉት። በሩ ድረስ ሸኙት፤ እስኪወጣም ጠብቁት።

አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እህቴ፣ ይህን ተደብቃችሁ የምታነቡ፦ ስም አልጠየቅኳችሁም፤ ኮሜንት ላይም ምንም አትጻፉ። ዛሬ አንድ ስልክ ብቻ ደውሉ፤ ለጤና ጣቢያ፣ ለሆስፒታል፣ ወይም ላቆመ ወዳጅ። የምትሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ማቆም እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን ግን አልቻልኩም።»

በከተማችሁ ያለ የታመነ ስብሰባ የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ደውዬ ካረጋገጥኩ በኋላ ለሚጠይቁኝ እሰጣለሁ። ይህን ጽሑፍ ለእድር ሰብሳቢያችሁና ለምታውቁት የጤና ባለሙያ አጋሩ።

ጤና ይብዛላችሁ።
የገጹ ጠቅላላ ሐኪም